ነገ ሰርግ አለብኝ፤ 64 ጊጋ ሜሞሪዬ 250 ሜጋ ሆኖብኛል!

ካሜራው ከደሴ፦ ሰላም ናችሁ ወገን፣ በአላህ ድረሱልኝ። ነገ በጠዋት ሰርግ ልቀርጽ ሐይቅ ከተማ እወርዳለሁ። 64 ጊጋ ሜሞሪዬን ላፕቶፕ ላይ ስሰካው 250 ሜጋ አካባቢ ብቻ ያሳያል። ፎርማት አደረግኩት፣ ያው ነው። በሰካሁት ቁጥር ደግሞ «ፎርማት ላድርገው?» የሚል ሌላ መስኮት ይመጣል። ሱቆች ተዘግተዋል። ምን ይሻለኛል?

ጦሳ ሥር፦ ራይት ክሊክ፣ ፎርማት፣ ስታርት። አለቀ።

ካሜራው ከደሴ፦ አድርጌዋለሁ ብያለሁ እኮ ወንድሜ።

የቧንቧ ውሃው፦ ፎርጅድ ሸጠውልህ ነው። 64 ተብሎ ተጽፎበት 8 እንኳ የማይዝ ካርድ ሞልቷል። ደግሞስ ሰርግ በአንድ ሜሞሪ ይቀረጻል እንዴ? ሙሽሮቹ ቀለበት ሲያደርጉ ካርዱ ቀጥ ቢል ምን ልትል ነው? ኒካሁን ድገሙልኝ ትላለህ?

ካሜራው ከደሴ፦ ፎርጅድ አይደለም። ሙሉ ሰርግ ቀርጬበታለሁ። በቅርቡ ግን ወንድሜ ለትምህርቱ ወስዶት ነበር። ራስፕቤሪ ፓይ የምትባል ትንሽዬ ኮምፒውተር ላይ ተጠቀመበት።

ጋሽ መምህር፦ ልጄ፣ ይህን መጀመሪያ ብትነግረን ኖሮ! ካርዱ ጤነኛ ነው። ሜሞሪውን እንደ አንድ ማሳ አስበው። ወንድምህ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም (እንደ ዊንዶውስ ያለ ነው) ሲጭንበት ማሳው በድንበር ለሁለት ተከፈለ። ትንሿን ቁራጭ ዊንዶውስ ያውቃታል። ትልቁ የተሠራው ኤክስት4 በሚባል የፎርማት ዓይነት ስለሆነ ዊንዶውስ ማንበብ አይችልም። «ፎርማት ላድርገው?» እያለ የሚጨቀጭቅህ ለዚያ ነው። አንተ ፎርማት ያደረግከው ትንሿን ብቻ ነው። ድንበሩ ግን እንዳለ ነው። እሱን ነው ማፍረስ ያለብህ። ሲስተካከል 59 ጊጋ ቢያሳይህ እንዳትደነግጥ። ፋብሪካው በ1000 ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024።

የወልድያ እህት፦ ቆይ፣ ምንም ሳትነካ ለወንድምህ ደውል። የትምህርት ሥራው እዚያ ካርድ ላይ ብቻ ቢሆንስ?

ጥገና ኮምቦልቻ፦ አብሽር፣ 5 ደቂቃ አይፈጅም። መጀመሪያ ፍላሽም ሆነ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ከተሰካ ንቀል። ይህችን አትለፋት። እኔ አንዴ በችኮላ የደንበኛ ሃርድ ዲስክ መርጬ የቤተሰብ ፎቶ አጥፍቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሰርች ላይ ሲኤምዲ (cmd፣ ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት ነው) ጻፍና ራይት ክሊክ አድርገህ በአድሚኒስትሬተር ክፈተው። ከዚያ እነዚህን በእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፍክ ኢንተር በል፦ ዲስክፓርት (diskpart)፣ ቀጥሎ ሊስት ዲስክ (list disk)። ዝርዝር ይመጣል። መጠኑን እይ፤ 59 ጊጋ አካባቢ የሚለው ያንተ ነው። ቁጥሩ 1 ከሆነ ሰሌክት ዲስክ 1 (select disk 1) በል። ከዚያ ክሊን (clean)። ድንበሩን የሚያፈርሰው ይሄ ነው። ቀጥሎ ክሪኤት ፓርቲሽን ፕራይመሪ (create partition primary)፣ ከዚያ ፎርማት ኤፍኤስ=ኤክስፋት ኩዊክ (format fs=exfat quick)፣ መጨረሻ ላይ አሳይን (assign)።

የፎርማቱን ዓይነት ፋት32 አታድርገው፤ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ኤንቲኤፍኤስንም ተወው፣ ካሜራ አያነበውም። ሲያልቅ ካሜራው ውስጥ አስገብተህ በራሱ ሜኑ አንዴ ፎርማት አድርገው።

ጦሳ ሥር፦ እኔም መጀመሪያ ፎርማት በለው ብዬ ነበር።

ካሜራው ከደሴ፦ ወንድሜ ኮፒ አለኝ አለ፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ካርዱን አውጥቼ መልሼ ከሰካሁት ወዲህ ክሊን ስለው ራይት ፕሮቴክትድ (መጻፍ ተከልክሏል) ነው ይለኛል!

ጥገና ኮምቦልቻ፦ ትንሿ ካርድ የገባችበትን አዳፕተር አውጣው። ጽሑፉን ወደ አንተ አዙረህ በግራ ጎኑ እይ፤ በጥፍር የምትንቀሳቀስ ትንሽ ነጭ ነገር አለች። ስትሰካው ወደ ታች ተንሸራታ ይሆናል። ወደ ላይ፣ ወርቃማ ጥርሶቹ ወዳሉበት ግፋት። ከዚያ ቀስ ብለህ ስካውና ከሊስት ዲስክ ጀምር። ቁጥሩ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል እንደገና እይ።

የቧንቧ ውሃው፦ ፎርጅድ ካልሆነ ጥሩ። በአንድ ካርድ አትሂድ ያልኩት ግን ከልቤ ነው። እኔ ጋ 32 ጊጋ ትርፍ አለኝ። ጠዋት 12 ሰዓት መናኸሪያው በር ላይ ይዤልህ እቆማለሁ። ሲመችህ ትመልሳለህ።

የወልድያ እህት፦ ካሜራው፣ ሠራልህ? ዝም አልክ እኮ።