ዓመቱን ሙሉ ስፖርት ለምታዩ፦ አንደኛ ቡድናችሁ ማነው?

አፄ_አራዳ፦
ሰላም የጎንደር ልጆች እንዴት ከረማችሁ። ሰሞኑን ፒያሳ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ስንጨቃጨቅበት የሰነበትነውን ነገር ላምጣላችሁ። መቼም እንደኛ አይነቱ ሰው ዓመቱን ሙሉ ስፖርት ነው የሚያየው፣ መስከረም ጥቅምት የአውሮፓውም የኛም ሊግ ይሟሟቃል፣ ጥር ከጥምቀት ጋር ይጋጫል፣ ክረምት ኳሱ ሲያልቅ አትሌቲክስ ይመጣል። እና ከዚህ ሁሉ ልባችሁ ውስጥ አንደኛ የሆነው ማነው? የኔ ያለምንም ጥያቄ የከተማችን ክለብ ፋሲል ከነማ ነው፣ ከዛ የእንግሊዙ አርሰናል፣ ሩጫ ላይ ደግሞ ሀገሬ። ጓደኞቼ ግን "ሜዳ ገብተህ የማታየውን ቡድን እንዴት አንደኛ ትላለህ፣ ዲኤስቲቪ ቤት ድምፅህ እስኪዘጋ የምትጮኸው ለአርሰናል አይደል ወይ" እያሉ ያደርቁኛል። እኔ እኮ በኛ አቆጣጠር 2011 ላይ የሊጉ ሻምፒዮንነት በአንድ ነጥብ ሲያመልጠን ያመመኝን ያህል አርሰናል ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ሲወጣ አላመመኝም። አርሰናል ሲሸነፍ እናደዳለሁ፣ ፋሲል ሲሸነፍ ግን እህል አይወርድልኝም። እናንተስ?

መድፈኛው_ማራኪ፦
እኔ አርሰናል ነኝ፣ ደግሞም ከፋሲል በላይ። አትቆጡኝና ምክንያቴን ስሙኝ፣ ቡድን ማለት በየሳምንቱ የምታየው ነው። የሳሊባን የሳካን የራይስን እያንዳንዷን እንቅስቃሴ አውቃታለሁ፣ ማን መቼ እንደሚደክም ሁሉ። በፈረንጆች የ2003/04ቱን ቡድን፣ 38 ጨዋታ ተጫውቶ 26 አሸንፎ 12 አቻ የወጣውን፣ ታላቅ ወንድሜ ሲያወራልኝ ነው ያደግኩት። የኛ ሊግ ግን ከኮሮና ወዲህ በተመረጡ ከተሞች ነው የሚካሄደው፣ ፋሲለደስ ስታዲየም አንድ የሊግ ጨዋታ አይቶ የማያውቅ ልጅ ሰፈሬ ሞልቷል። ያ ልጅ የሳካን ማሊያ ቢለብስ ጥፋቱ የሱ አይደለም።

የአዘዞ_ልጅ፦
@መድፈኛው ያልከው እውነት ነው ግን ልክ እሱ ነው እኮ ፋሲልን ትልቅ የሚያደርገው። 2012 ሊጉ በኮሮና ተሰረዘ፣ 2013 ሲመለስ አዲስ አበባ ጅማ ባህር ዳር ድሬዳዋ ሀዋሳ እየዞሩ ነው የተጫወቱት፣ ጎንደር ላይ አንድም ጨዋታ የለም፣ እኛ የለንም፣ ጭፈራው የለም፣ በዛ ሁሉ ላይ በታሪካችን የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ አመጡልን። የዛን ዓመት የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል አግብቶ ሪከርድ ሰበረ፣ ዋንጫው ግን ወደ ጎንደር መጣ ምክንያቱም አሰልጣኛችን ሥዩም ከበደ ቡድን ነበር የሠራው፣ ያሬድ ባየህ ከኋላ እየመራ፣ ፊት ሙጂብ ቃሲም አንድ እድል አግኝቶ የማይምር። አርሰናልን እኔም አያለሁ፣ ግን አርሰናል እኔን አያውቀኝም። በነገራችን ላይ ብሔራዊ ቡድኑም እንደዛው ነው፣ ሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ የኛ "ሜዳ" ማላዊ ነበር! ዳዋና ሽመልስ ሲያገቡ ሊሎንግዌ ላይ እንጂ ሀገራችን ላይ አልነበርንም፣ አሰልጣኙ ደግሞ 2011 ፋሲልን ይዞ የነበረው ውበቱ አባተ። ያን ቀን ደስታውም ቁጭቱም እኩል ነበር የተሰማኝ።

እህተ_ሯጮች፦
ወንዶች ሁሌ ኳስ ኳስ ትላላችሁ። የኔ አንደኛ ክረምት ላይ ነው የሚመጣው። በዛው በ2013 ሐምሌ ቶኪዮ ኦሎምፒክ 10,000 ሜትር ላይ ሰለሞን ባረጋ የመጨረሻዋ ዙር ላይ ሲወጣ፣ የዓለም ሪከርድ ባለቤቱን ቼፕቴጌይን ከኋላው ጥሎ ሲገባ እናቴ ቡናውን ትታ ቆማ እልል ነው ያለችው። ፓሪስ ማራቶን ላይ ደግሞ ታምራት ቶላ! ተጠባባቂ ነበር እኮ፣ ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ሲወጣ ነው የገባው፣ ያን ዳገት የበዛበትን ጎዳና በ2:06:26 ሮጦ የኦሎምፒክ ሪከርድ ሰበረ። የዚያ ኦሎምፒክ ብቸኛው ወርቃችን ነው። የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ፣ የዛን ቀን ቅዳሜ ጠዋት ሰፈራችን ያለ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቼ ማራቶኑን ክፈቱልን ስል የወዳጅነት ጨዋታ ድጋሚ ነው የከፈቱልኝ፣ ወጥቼ ቤት ሄድኩ። ለሊጉ ወንበር ተርፎ አያውቅም ለሯጮቻችን ግን ሪሞት የሚያነሳ ጠፋ። ዓመቱን ሙሉ ዝናብና ብርድ ላይ የሚሮጡልን እነሱ ናቸው።

ጋሽ_ጃንተከል፦
ልጆች ጥሩ ጨዋታ ይዛችኋል። እኔ አንድ የረሳችሁትን ልጨምር፣ የገና ጨዋታ። ቡድን ማለት ለኛ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ነበር፣ ዱላውን ራሳችን ከጫካ ቆልማማ እንጨት መርጠን እሳት ላይ እያሞቅን እናስተካክለው ነበር፣ እሩሯ (ኳሷ) ቁርጭምጭሚት ካገኘች ሳምንት ታስነክሳለች፣ ግን "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ነውና ማንም ቂም አይዝም። ፋሲልን የምወደው ለዚህ ነው መሰለኝ፣ የሰፈር ቡድን ነው። አርሰናልንም አልጠላም፣ ልጆቼ ያስከፍቱኛል።

አፄ_አራዳ፦
ጋሼ እድሜ ይስጥልን፣ የገናውን ሌላ ጊዜ በሰፊው ጻፉልን። @እህተ_ሯጮች በጣም ልክ ነሽ፣ የሚቀጥለው ትልቅ ውድድር ሲመጣ ቀድመን ሰብሰብ ብለን ሄደን ባለቤቱን እናናግራለን፣ አስር ሰው ሆነን ቡና ካዘዝን አይከለክለንም። @መድፈኛው ያልከው ስለ ልጆቹ አሳስቦኛል፣ ለታናሽ ወንድሜ የፋሲል ማሊያ ልገዛለት ነው፣ በሱ ልክ የት እንደሚገኝ የምታውቁ ጻፉልኝ።