የደቻቱን ጎርፍ ጉዳት በብር እንዴት ላስላው?

ጤና ይስጥልኝ። የጎርፍ ጉዳት ስሌት የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ።

ለድሬዳዋ የአየር ንብረት ለውጥን የመላመድ ዕቅድ ግምት እያዘጋጀሁ ነው። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ ዳርቻ በግንብ መከለል ያዋጣል ወይ? ይህን ለመመለስ በዓመት በአማካይ የሚጠበቀውን ጉዳት ማወቅ አለብኝ። የ10፣ የ50 እና የ100 ዓመት ጎርፍ (በአማካይ በዚያን ያህል ዓመት አንዴ የሚጠበቀው) የሚሸፍነውን ቦታ በካርታ አውጥቻለሁ። የቸገረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ያገኘሁት ለአፍሪካ በጥቅሉ የተዘጋጀ የጉዳት ኩርባ (ጎርፉ ሲበረታ ጉዳቱ ምን ያህል እንደሚጨምር የሚያሳይ ግራፍ) የሚያየው የውሃውን ጥልቀት ብቻ ነው። ደቻቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ደራሽ ሆኖ ድንጋይና ደለል ይዞ ይወርዳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። እንዲህ ያለ ውሃ ብዙም ሳይጠልቅ የጭቃ ቤት ሊያፈርስ ይችላል።

ፍጥነትን የሚያስገባ፣ የጭቃና የብሎኬት ቤትን የሚለይ ስሌት የሞከረ አለ? የቀፊራ ገበያ ነጋዴዎችን ዕቃስ እንዴት ልገምት? ብዙዎቹ ደረሰኝም መዝገብም የላቸውም። ቤት ለቤት መጠየቅ ካለብኝ ስንት ቤት ይበቃል?

የሰው ሕይወትን በብር አልተምንም፤ ለብቻው አስቀምጠዋለሁ። በዚህ የማይስማማ ካለም ምክንያቱን ይንገረኝ።