የካፒቴናችንን አደጋ አሁን እንተንትን ወይስ ሪፖርቱን እንጠብቅ? (ክርክር)

አወያዩ፦

ካፒቴናችን ባለፈው እሑድ ጠዋት በራሳቸው ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ተነሥተው ብዙ ከፍታ ሳይዙ እንደተከሰከሱና ሕይወታቸው እንዳለፈ ሁላችንም ሰምተናል። ከሠላሳ ዓመት በላይ አብራሪዎችን ያስተማሩ፣ ያዩትን ጉድለት በሹክሹክታ ሳይሆን በአደባባይ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ብዙዎቻችንን በዚህ ሙያ ያቆየን የእሳቸው ፍቅር ብቻ ሳይሆን ቁጣቸውም ጭምር ነው ብል አላጋነንኩም።

ቀብራቸው ሳይፈጸም ግን ክርክር ተነሣ። በቦታው የነበሩ ሁለት ሰዎች የሞተሩ ድምፅ ድንገት እንደጠፋ፣ አውሮፕላኑም ወደ ተነሣበት መንደርደሪያ ለመመለስ ሲታጠፍ አንድ ክንፉ ወድቆ ቁልቁል እንደወረደ ተናግረዋል። ይህ እንደተሰማ አንዳንዶቻችን «ለምን ተመለሱ? ሞተር ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ ከጠፋ ፊት ለፊት እረፉ እንጂ አትመለሱ ብለው ያስተማሩን እሳቸው አይደሉም ወይ?» ማለት ጀመርን። ሌሎቻችን ይህን ጥያቄ ከነውር ቆጠርነው። ለክርክር የቀረበው ጉዳይ እንግዲህ ይህ ነው፦ የአንድ አብራሪ አደጋ የምርመራው ሪፖርት ሳይወጣና ቤተሰቡ ሐዘን ላይ እያለ በሙያ ባልደረቦቹ በአደባባይ ሊተነተን ይገባል ወይስ አይገባም? እኔ አቋም ይዤ አልመጣሁም፤ ቢያንስ ዛሬ ጠዋት አልያዝኩም ነበር።

የበረራ አስተማሪዋ፦

አይገባም ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም ይሉኝታ አይደለም። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ስለ አደጋ ምርመራ ባወጣው አባሪ 13 ላይ የምርመራ ብቸኛ ዓላማ ሌላ አደጋ እንዳይደርስ መከላከል እንደሆነ፣ ጥፋተኛን መፈለግ ወይም ተጠያቂነትን ማከፋፈል ግን ዓላማው እንዳልሆነ በግልጽ ተጽፏል። የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት በ30 ቀናት ውስጥ፣ የመጨረሻው ደግሞ ከተቻለ በ12 ወራት ውስጥ እንዲወጣ ይጠይቃል። እኛ ግን በሁለተኛው ቀን «ለምን ተመለሱ» ስንል ጥያቄ የጠየቅን ይመስለናል እንጂ የሰጠነው ፍርድ ነው።

የችኮላ ፍርድ ዋጋው ምን እንደሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 የላየን ኤር በረራ 610፣ በማርች 2019 ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ተከስክሰው በድምሩ 346 ሰዎች ሲሞቱ ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ ሥልጠና የቀሰሩ የሙያው ሰዎች ጥቂት አልነበሩም። የሁለቱም አደጋዎች ክር ሲመዘዝ ግን የአንድ ሴንሰር የተሳሳተ ንባብ አምኖ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች የሚገፋ ሶፍትዌር ተገኘ። በመጀመሪያው ሳምንት የተወራው ወሬ በሞቱት አብራሪዎች ስም ላይ የለጠፈውን ጥላሸት ማን ነው መልሶ ያጠበው? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ወሬ ያስታውሳል፤ ሪፖርቱን የሚያነብ ጥቂት ነው።

ጡረታ የወጡት የጥገና ባለሙያ፦

እኅቴ ያሉትን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ለክርክሩ ወሳኝ የሆነ አንድ ነገር አልፈውታል። የጠቀሱት የ30 ቀን ገደብ በመሠረቱ ክብደታቸው ከ2,250 ኪሎ ግራም በላይ ለሆኑ አውሮፕላኖች የተጻፈ ነው። ከዚያ በታች ላሉት ግዴታው የሚመጣው ለበረራ ብቁነትን የሚነካ ወይም ሌሎች አገሮችን የሚያሳስብ ነገር ሲገኝ ነው። የካፒቴናችን አውሮፕላን ሙሉ ጭነት ይዛ እንኳ የዚህን ግማሽ አትመዝንም። ስለዚህ በትናንሽ አውሮፕላኖች ረገድ «ሪፖርቱን እንጠብቅ» ማለት ብዙ ጊዜ «እንርሳው» ማለት ሆኖ ያልፋል። አርባ ዓመት ግድም በሀንጋር ውስጥ ስኖር ያየሁት ይህንኑ ነው።

ዝምታም ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1974 የአሜሪካው አየር መንገድ የቲደብልዩኤ በረራ 514 ዋሽንግተን አቅራቢያ ወዳለው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲቃረብ ቨርጂንያ ውስጥ ከተራራ ጋር ተጋጭቶ የተሳፈሩት 92 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። አብራሪዎቹ ለማረፍ የመቃረብ ፈቃድ ሲሰጣቸው ወዲያው ዝቅ ማለት የተፈቀደላቸው መስሏቸው ነበር። ከዚያ ስድስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ የሌላ አየር መንገድ አብራሪዎች በዚያው ስህተት፣ በዚያው ቦታ ለጥቂት ተርፈዋል። እነሱም ለድርጅታቸው ነገሩ፣ ድርጅቱም የራሱን አብራሪዎች አስጠነቀቀ፤ ወሬው ግን ከግቢው አጥር አልወጣም። አንድ ሰው በአደባባይ ቢጮህ ኖሮ እነዚያ ሰዎች ቤታቸው በገቡ ነበር። ካፒቴናችን ዕድሜ ልካቸውን የጮሁት ለዚህ ነው፤ እሳቸውን በዝምታ መሸኘት ያስተማሩትን አብሮ መቅበር ነው።

የበረራ አስተማሪዋ፦

ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያነሡት ምሳሌ የሚመሰክረው ለእኔ ነው። ከዚያ አደጋ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካኖች ያቋቋሙት በናሳ የሚመራው የስህተት ማሳወቂያ ሥርዓት አብራሪው ስሙ ተደብቆለት እንዲናገር የሚያደርግ ነው እንጂ የሰው ስም እየተጠራ በአደባባይ የሚወቀስበት አይደለም። ወሬው ከአጥር እንዲወጣ ያስቻለው ስምን ከጥፋት መለየት መቻሉ ነው። እዚህ እየተደረገ ያለው ተቃራኒው ነው፤ ስሙን ሁላችንም እናውቃለን፣ ጥፋቱን ግን ገና አናውቅም።

ወጣቱ ረዳት አብራሪ፦

ለመጻፍ አላሰብኩም ነበር፤ ነገር ግን ጋሼ «በአደባባይ ቢጮህ» ያሉት ነገር አላስተኛ አለኝ።

ታላቅ ወንድሜ ከዘጠኝ ዓመት በፊት በትንሽ አውሮፕላን ሲሞት ካፒቴናችን በሦስተኛው ቀን «ነዳጁን ሳይመረምር የተነሣ አብራሪ» የሚል ጽሑፍ ጻፉ። ስም አልጠሩም፤ ሆኖም በዚያ ሳምንት የሞተ ሌላ አብራሪ አልነበረም። እናቴ አነበበችው። ከዚያ በኋላ ሊያጽናኑ በመጡ ሰዎች ፊት ሁሉ «ልጄ ነዳጁን ሳያይ አይነሣም ነበር» እያለች ትከራከር ጀመር፤ ሰዎቹ ሳይጠይቋት ትመልስላቸው ነበር። ሪፖርቱ የወጣው ከአንድ ዓመት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ነዳጁ ንጹሕ ነበር፤ የተሰበረው የሞተሩ ቫልቭ ነው።

ካፒቴናችን ሪፖርቱን ባነበቡ ማግስት ቤታችን መጥተው እናቴ ፊት ቆመው «ተሳስቻለሁ፤ የልጅዎን ስም አጉድፌአለሁ» አሉ። እናቴ አልመለሰችላቸውም። እሳቸውም መልስ አልጠበቁም፤ ቆመው ቆዩና ወጡ። በአደባባይም ማረሚያ ጻፉ፤ ያንን ማረሚያ እስከ ዛሬ ያነበበ ሰው ከቤተሰባችን ውጭ አላገኘሁም። ኋላ ማብረር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ አልጠላኋቸውም፣ እሑድ ዕለት እንደ ወላጅ ነው ያለቀስኩላቸው። ነገር ግን «ለምን ተመለሱ» ለምትሉት አንድ ጥያቄ አለኝ። ፊት ለፊታቸው ምን እንደነበረ ከእናንተ መካከል የሚያውቅ አለ? ሜዳ ነበር? ቤት ነበር? ሰው ነበር?

አወያዩ፦

ከዚህ በኋላ ለሦስት ሰዓት ያህል ማንም አልጻፈም፤ እኔም ሰው እንዲጽፍ አልጎተጎትኩም።

ጡረታ የወጡት የጥገና ባለሙያ፦

ልጄ፣ ያ ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት አንብበው ብለው የሰጡት ለእኔ ነበር። «ጥሩ ነው፣ ይውጣ» ያልኳቸው እኔ ነኝ። ሪፖርቱ ሲወጣ እሳቸው ቤታችሁ ሄዱ፤ እኔ አልሄድኩም። ለእናትህ የምጽፈው ደብዳቤ ስላለ እዚህ አልረዝምበትም።

አቋሜን ግን ሙሉ በሙሉ አልለውጥም። ካፒቴናችን በደረት ኪሳቸው ሁልጊዜ የምትገኝ ትንሽ የነዳጅ መቅጃ ብርጭቆ ነበረቻቸው፤ ጠርዟ ተፈግፍጎ ደብዝዞ ነበር። ከነዳጅ ጋኑ ሥር ትንሽ ቀድተው ወደ ብርሃን ከፍ ያደርጓትና ከታች የተኛ የውኃ ጠብታ አለ ወይ ብለው ያያሉ፤ ከጎናቸው ተማሪ ካለ ብርጭቆዋን ይሰጡትና «ምን ይታይሃል?» ይሉታል እንጂ «ንጹሕ ነው» አይሉም። በወንድምህ ጉዳይ የሳቱት ይህንኑ ራሳቸው ያስተማሩትን ነው። ያላዩትን አየሁ አሉ። ስለዚህ የእኔ ክርክር ዛሬ ጠበብ ብሏል፦ የታየውን እንናገር፣ ያልታየውን አንገምት። የሞተሩ ድምፅ መጥፋቱና የክንፉ መውደቅ ታይቷል። ለምን እንደታጠፉ አልታየም። ታዲያ ስለታየው መናገር ማንን ይጎዳል?

የበረራ አስተማሪዋ፦

ስለ ክንፉ መውደቅ ከሆነ ማንንም ሳንነካ ብዙ ማለት እንችላለን፤ እንዲያውም ከእሳቸው የተማርኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው። አውሮፕላን ከፍታውን ጠብቆ በ45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ሲታጠፍ ክንፉ አየሩን መያዝ የሚያቅተው፣ እኛ ስቶል የምንለው ነገር የሚመጣው፣ ቀጥ ብሎ ከሚበርበት ፍጥነት በ19 በመቶ ገደማ በሚበልጥ ፍጥነት ላይ ነው፤ በ60 ዲግሪ ደግሞ ብልጫው ወደ 41 በመቶ ይደርሳል። ሞተር ጠፍቶበት የሚመለስ ሰው ደግሞ ለመመለስ ግማሽ ክብ ብቻ አይበቃውም፤ ግማሽ ክብ ሲዞር ራሱን የሚያገኘው ከመንደርደሪያው ጎን ስለሆነ አልፎ መታጠፍና እንደገና መቃናት አለበት። ፊት ለፊት ይመታው የነበረው ነፋስ አሁን ከኋላ ስለሚገፋው መሬቱ በፍጥነት የሚሸሽ ይመስለዋል፣ በቂ ፍጥነት ያለውም ይመስለዋል፣ ሳያስበው መሪውን ወደ ራሱ ይስባል። ዓይን የሚያየውና ክንፉ የሚያውቀው የሚለያዩት እዚያ ላይ ነው። ይህን ለማስረዳት የካፒቴናችን ስም አያስፈልግም፤ የእሑዱን ጠዋት ማንሣትም አያስፈልግም።

ትናንት ሦስት ተማሪዎች ይዤ ወጥቼ፣ አደጋ በማያስከትል ከፍታ ላይ የሞተሩን ኃይል ቀንሰን፣ ወደ ኋላ እንዲታጠፉ አደረግኋቸው። ከመነሣታችን በፊት ስንት ጫማ ከፍታ እንደሚያጡ በወረቀት እንዲገምቱ ጠይቄአቸው ነበር። ሦስቱም ከገመቱት እጥፍ በላይ አጡ፤ አንደኛዋ ወረቀቷን አጥፋ ኪሷ ከተተችና እስክናርፍ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ወጣቱ ረዳት አብራሪ፦

በዚህ እስማማለሁ። የወንድሜም አደጋ በዚህ መንገድ ተነግሮ ቢሆን ኖሮ እናቴ ማንንም ባልተከራከረች ነበር። የእኔንም ግምትና ውጤት ቅዳሜ በርሬ እልካለሁ።

አወያዩ፦

አቋም አልያዝኩም ብዬ ነበር የጀመርኩት። አሁን ያዝኩ፦ የአደጋውን መንስኤ የሚመለከት ትንታኔ እስከ ሪፖርቱ ድረስ እዚህ አይቀርብም፤ በአስተማሪያችን መንገድ የተሠራ የከፍታ ሙከራ ግን ከዛሬ ጀምሮ እንቀበላለን። ግምቱና ውጤቱ ሁለቱም ይጻፉ፤ የአውሮፕላኑ ዓይነት፣ ክብደቱና የነፋሱ ሁኔታ አብሮ ይጠቀስ።

ጡረታ የወጡት የጥገና ባለሙያ፦

ውሳኔውን አከብራለሁ። ነገር ግን በዓመቱ ሪፖርት ካልወጣ ይህን ክርክር መልሼ የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ያኔ ደግሞ ስማቸውን ጠርቼ ነው።