ለዲቁና የሚማሩ ልጆች ዳዊት ሳይደግሙ ግብረ ዲቁና ይጀምሩ?

ዐውደ ምሕረት፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በከተማ ያለ አንድ አጥቢያ 12 ልጆችን ለዲቁና የሚያበቁ የኔታ አስቀጥሯል። ልጆቹ ከ9 እስከ 13 ዓመት ናቸው፤ ቀን ዘመናዊ ትምህርት ቤት ስለሚውሉ የሚገኙት ማታ ማታና ቅዳሜ ነው። ወላጆች በ1 ዓመት ሲቀድሱ እንያቸው ይላሉ፤ የኔታ ዳዊት (መዝሙረ ዳዊትን) ያልደገመ ግብረ ዲቁና (ዲያቆን በቅዳሴ የሚለውን ትምህርት) አይጀምርም ብለዋል። ሰበካ ጉባኤው በሁለት ሐሳብ ተከፍሏል። ቅደም ተከተሉ ለምን እንዲህ ሆነ? የሚታጠፍ ነገርስ አለው?

ብራና፦
የኔታ ልክ ናቸው። ዲያቆን በቅዳሴ ላይ የሚሠራውን አንድ በአንድ ይመልከቱት። ሠራዒው (ዋናው) ዲያቆን የጳውሎስን መልእክት ያነባል፤ ንፍቁ (ረዳቱ) ዲያቆን ከሰባቱ መልእክታት የዕለቱን ያነባል። ከወንጌል በፊት የሚዜመው ምስባክ ደግሞ ከዳዊት የወጣ ሦስት መሥመር ነው። ምንባቡንም ምስባኩንም የሚወስነው ግጻዌ የተባለው የየዕለቱ ማውጫ መጽሐፍ ስለሆነ በየዕለቱ ይለዋወጣሉ። ግብረ ዲቁናን በቃሉ የያዘ ልጅ ንባብ ካልጸናለት፣ አይቶት የማያውቅ ገጽ ሲገለጥለት መቅደስ ውስጥ ይቆማል። ጥሩ ድምፅ ያለው ልጅ ላይ ይህ ድካም ቶሎ አይታይም፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው።

መንገዱ ፊደል፣ አቡጊዳ፣ 1ኛ የዮሐንስ መልእክት፣ ወንጌለ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት ነው። አቡጊዳን ለመዝለል የሚቸኩሉ አሉ። ሀሁን በተርታ የሸመደደ ልጅ ፊደሉን ለይቶ ሳይሆን ተራውን ተከትሎ ሊጠራ ይችላል፤ አቡጊዳ ተራውን ስለሚያፈርስበት እውነተኛው ዕውቀት ይወጣል። የኔታ በስንደዶ እያዘለሉ የሚጠይቁትም ለዚሁ ነው።

በሚነበበው መጽሐፍ ላይ ደግሞ ልጁ ቁጥር፣ ግእዝ፣ ውርድ፣ ቁም ንባብ በሚባሉ የንባብ ደረጃዎች እያለ ይወጣል። ብዙ ልጅ የሚቀረው ውርድ ላይ ነው፤ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚባሉት የቃላት አነባበቦች የሚለዩት እዚያ ስለሆነ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አያሳይም፤ ይህን ልጁ ከመምህሩ አፍ ካልተቀበለ ከየትም አያገኘውም። ተበላሽቶ የጸና ንባብን ማቃናት ከአዲስ ማስጀመር ይከብዳል። 150ው መዝሙር የሚደገመውም አፉ እስኪፈታ ነው።

መቋሚያ፦
በብራና ሐሳብ እስማማለሁ፤ ግን ሊታጠፍ የሚችል አለ። የቃል ትምህርት ንባብን አይጠብቅም። በጉባኤው ልማድ ብርሃን ሳለ ንባብ፣ ሲመሽ የቃል ትምህርት ነው። ስለዚህ ማታውን ለጸሎተ ሃይማኖትና ለውዳሴ ማርያም፣ ቅዳሜን ለንባብ ያድርጉት። ውዳሴ ማርያም በ7 ዕለት የተከፈለ ስለሆነ በወር አንድ ዕለት ቢይዙ በ7 ወር ያልቃል። በአንድ ማታ ከ3 ወይም 4 መሥመር አይለፍ፤ የትናንቱ ሳይመለስ አዲስ አይሰጥ።

12ቱ ልጆች በ10 ደቂቃ ሂሳብ ለየብቻ ቢደመጡ 2 ሰዓት ይፈጃል። ተራ የሚጠብቁት ልጆች ሰዓት እንዳይባክን ከፍ ያሉት ታናናሾቹን ያስቀጽሉ (እየመሩ ያስጠኑ)፤ ለሚያስቀጽለውም ራሱን ማጽኛ ነው።

14ቱን ቅዳሴያት ገና ከአሁኑ ማሰብ አያስፈልግም። ሥርዓተ ቅዳሴውና ቅዳሴ ሐዋርያት ለመጀመሪያ ይበቃሉ። የዜማው ስልት ግን አንድ ይሁን። የኔታ ሰለልኩላ የተባለውን የቅዳሴ ዜማ ስልት እያስተማሩ ልጁ ቤቱ ገብቶ ከዩቲዩብ ሌላውን ስልት ደብረ ዓባይን ቢያጠና ሁለቱንም ያደባልቅና በልዑካኑ (አብረው በሚቀድሱት) መካከል ዜማው ይሰበራል። በስልክ መከለስ ከፈለገ የራሳቸውን የየኔታን ድምፅ ቀድተው ይስጡት።

ዐውደ ምሕረት፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ከ12ቱ 3ቱ ብቻ ቀድመው ዳዊት ቢደግሙስ? ሌሎቹን ይጠብቁ?

ብራና፦
አይጠብቁ፤ ሌሎቹም ከእነርሱ ጋር አይገፉ። 3ቱ ግብረ ዲቁና ይጀምሩ፣ የቀሩት በየደረጃቸው ይቀጥሉ። ለመለየት ቀላሉ መንገድ ልጁ ያላጠናውን ቀን ከግጻዌ አውጥቶ ከጳውሎስ 10 መሥመር ማስነበብ ነው። ሦስት ቦታ ከተሰናከለ ወደ ውርድ ይመለስ። ለማዕርግ ወደ ሊቀ ጳጳሱ የሚቀርበውን የሚወስኑት የኔታ እንጂ ወላጅ ወይም ሰበካ ጉባኤ እንዳይሆን አሁኑኑ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

መቋሚያ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ጉባኤ (የአብነት ትምህርት ቤት) የሚፈታው በልጆቹ ስንፍና ሳይሆን በየኔታ ችግር ነው። ደመወዛቸው ካልበቃቸው ለፍትሐትና ለተዝካር ሲጠሩ ይሄዳሉ፣ ማታ ጉባኤው ይታጠፋል። በሳምንት ሁለት ማታ የተቋረጠበት ልጅ የያዘውን ቃል ይጥላል፤ በሦስተኛው ወር መምጣቱንም ይተወዋል። ወላጆች በ1 ዓመት ይድረስልን ከማለት የየኔታን ቀለብና የቤት ኪራይ በየወሩ ቢሸፍኑ ልጆቻቸውን ይበልጥ ይረዳሉ።