ሕልሙን ከእውኑ ሳይለዩ መቅረጽ፦ ከኃይሌ ገሪማ አሠራር ለአጭር ፊልም ምን ልውሰድ?

የቱሉ ዲምቱዋ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አባላት። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሲሆን፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ አጭር ፊልም ጽፌ ለቀረጻ እየተዘጋጀሁ ነው። ባለታሪኩ የአንድ ግቢ የሌሊት ዘበኛ ነው፤ ብሎኮቹ የቆሙበት መሬት ቀድሞ ጤፍና ሽምብራ ያበቅልበት የነበረ የገዛ ማሳው ነው። ሌሊት ግቢውን ሲዞር ማሳው ይመለስበታል፤ ከደረጃው ሥር ውድማ ያያል፣ መኪና ማቆሚያው ላይ የተጠመዱ በሬዎች ቆመው ያገኛል። ሐሳቡን ያመጣልኝ በክረምት ጫማ ላይ እየተለጠፈ እስከ ሦስተኛ ፎቅ የሚወጣው ጥቁር አፈር ነው፤ ሊሾው ላይ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ማሳው ራሱ ቤታችን የገባ ይመስላል።

የተቸገርኩት ምናቡን ከእውኑ ጋር በማገናኘቱ ላይ ነው። ካሜራ የሚይዝልኝ ጓደኛዬ ማሳው በታየ ቁጥር ምስሉን ወደ ሰማያዊ እናድርገው፣ ጭስም እንልቀቅበት ይለኛል። እኔ ግን የኢትዮጵያዊውን ፊልም ሠሪ የኃይሌ ገሪማን «ሳንኮፋ» (እ.ኤ.አ. 1993) እና «ጤዛ» (እ.ኤ.አ. 2008) ካየሁ ወዲህ ይህ አልዋጥልኝ ብሏል። በ«ሳንኮፋ» ሞና የተባለችው ሞዴል ጋና ውስጥ በሚገኘው የኬፕ ኮስት ምሽግ ምድር ቤት ትገባለች፤ በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች ከጨለማው ወጥተው ያፈጡባታል፤ ወደ በሩ ስትሮጥ ባሪያ ፈንጋዮች ይይዟታል፤ ከዚያ በኋላ ሾላ የምትባል የእርሻ ባሪያ ሆና እናገኛታለን። ሕልም ይሁን ትዝታ ወይም የመንፈስ ጉዞ፣ ፊልሙ አይነግረንም። ሳይነግረንም እናምነዋለን። ይህ በምን ዘዴ እንደ ተሳካለት የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

መምህር ከሰበታ፦

እኅታችን፣ ወደ ዘዴው ከመግባታችን በፊት «ምናብ» እና «እውን» ብለሽ ያሰመርሽውን መስመር ብንጠይቅ ይሻላል፤ ኃይሌ ያንን መስመር የሚቀበል አይመስለኝም። የ«ጤዛ» ባለታሪክ አንበርብር በጀርመን ሕክምና ተምሮ፣ አንድ እግሩን አጥቶ፣ በደርግ መጨረሻ ዘመን ወደ ጣና ዳር መንደሩ ይመለሳል። ሌሊት እየባነነ ይጮኻል። ለተማረው ሰው ይህ የቆሰለ ትዝታ ነው፤ ለመንደሩ ደግሞ መንፈስ ነውና መድኃኒቱ ጠበል ነው። ፊልሙ በሁለቱ መካከል ዳኛ ሆኖ አይቀመጥም፤ ሁለቱንም በአንድ ዓይን ያያል።

እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል አንድ ማለዳ የቆመ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አጥማቂው የሚናገረው ከሰውየው ጋር ሳይሆን በውስጡ ካለው ጋር ነው፤ «ስምህን ተናገር» ይለዋል፤ ሰውየውም በራሱ ባልሆነ ድምፅ ይመልሳል። ሁለት እርምጃ ርቆ ታናሽ ወንድሙ ፎጣውንና ቢጫውን ጀሪካን ይዞ ስልኩን ይነካካል። በዚያ ቦታ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ አይለወጥም፤ ጭስም ቢኖር የዕጣን ነው።

ሌላው ምንጭ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይመስለኛል፤ ይህ የራሴ ግምት ነው፣ ነገር ግን ኃይሌ የጎንደር ልጅ መሆኑን አትርሺ። በግድግዳው ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ትቀመጣለች፣ ከእግሯ ሥር ሥዕሉን ያሠራው ባላባት ካባውን ለብሶ ተደፍቶ ይታያል። በሁለቱ መካከል ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ አለ፤ ሠዓሊው ግን በአንድ ቀለም፣ በአንድ ግድግዳ ላይ አገናኝቷቸዋል። ያንቺም ዘበኛና ጥማዱ እንዲህ ቢገናኙ ምን ይጎድላል?

ኤዲተሩ ከለቡ፦

መምህር ባሉት ላይ የምጨምረው የሙያውን ጎን ብቻ ነው። አብዛኛው ፊልም ወደ ሕልም ሲገባ ተመልካቹን ያስጠነቅቃል፤ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ሙዚቃው ይለወጣል፣ ወይም ተዋናዩ ዓይኑን ይጨፍናል። ኃይሌ እነዚህን ምልክቶች ብዙም አይፈልጋቸውም። እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ሰዎች እንደ በሬ ተጠምደው ሲያርሱ የሚታዩበት የሕልም ትዕይንት አለ። ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሕልሙም እንደ ቀኑ ሥራ በዚያው ጥቁርና ነጭ ስለ ቀረበ፣ ያየነው ነገር ከቀኑ ድካም ብዙም የራቀ ሆኖ አይሰማንም። ኃይሉም ከዚያ ይመጣል።

ሁለተኛው ነገር መሸጋገሪያው ነው። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ሰው ከአንዱ ዓለም ወደ ሌላው የሚሻገረው በሚዳሰስ ነገር በኩል ነው፤ ለሞና የምሽጉ በር፣ ለአንበርብር የጎደለው እግሩ። ለዘበኛሽ ጅራፍ እንዲሆንለት እመክርሻለሁ። ቀረጻውን ለነሐሴ አድርጊው። የቡሄ ሰሞን የግቢው ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ፣ ድምፁም በብሎኮቹ መካከል እየተጋጨ ይመለሳል፤ ይህ ማንም የማይጠራጠረው የሰፈር ድምፅ ነው። ከዚያ ልጆቹ ወደየቤታቸው ይግቡ፣ መብራቶቹ ይጥፉ፣ ጅራፉ ግን አይቁም። ዘበኛው ባትሪውን ይዞ ድምፁን ይከተል። በሬዎቹንም የሚያሳየን የእጅ ባትሪው ብርሃን ብቻ ይሁን፤ ለማሳው ብለሽ ሌላ መብራት ካቆምሽ ያን ጊዜ ትርኢት ይሆንብሻል። ስለ ሰማያዊው ጉዳይ ጓደኛሽን ሻይ ጋብዢውና እንቢ በዪው።

ተመልካች ከሱሉልታ፦

የሁላችሁንም አድናቆት አከብራለሁ፤ ነገር ግን ያልተነገረ ዋጋ አለ። «ጤዛ»ን ከሰው ጋር ሆኜ በተመለከትኩ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጡት ሰው በየመሐሉ «አሁን የት ነን? ጀርመን ነው መንደሩ?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ሰውየው ሰነፍ ተመልካች አልነበሩም፤ ፊልሙ በእርግጥ ያደክማል። ኃይሌ ከሁለት ሰዓት በላይ ጊዜ ስላለው የጠፋውን ተመልካች መልሶ ያገኘዋል፤ በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ግን የጠፋ ሰው ጠፍቶ ይቀራል። ስለዚህ ስለ ማሳው ቢያንስ አንድ ሰው በቀን ብርሃን፣ በቀላል አማርኛ ይናገር።

ከኃይሌ ውጭም ማየት ይጠቅማል። ጄሲካ በሺር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው «ፋያ ዳዪ» የሐረርን የጫት ሕይወት በጥቁርና ነጭ ስትቀርጽ፣ የዘላለም ሕይወትን ውኃ የሚፈልጉ የሱፊ ሰዎችን አፈ ታሪክ በዕለቱ ኑሮ ላይ አነባብራዋለች። እዚያ ጭሱም ጭጋጉም ሞልቷል፤ ሆኖም አያስቀይምም፣ ምክንያቱም ፊልሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በምርቃና ውስጥ ነው። እንግዲህ ጭስ በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ ጭሱን ለሕልሙ ብቻ መመደቡ ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ልተውልሽ። ሞና ወደ ኋላ የተወሰደችው ማንነቷን ስለ ካደች ነው፤ አንበርብርም የሚባንነው የሸሸው ነገር ስላለ ነው። ዘበኛሽ በሬዎቹን ሲያገኝ ምን ያደርጋል? ቆሞ የሚያያቸው ከሆነ ውብ ሥዕል ነው፣ ከዚያ አያልፍም። በጠዋትም የበሬ ኮቴ ሊሾው ላይ አሳይተሽ «ለካ እውነት ነበር» እንዳታሰኚን አደራ።

የቱሉ ዲምቱዋ፦

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የጠበሉ ወንድም ከነጀሪካኑ ከዓይኔ አልጠፋ ብሏል፤ እርስዎ ከፈቀዱልኝ ለዘበኛው ሚስት አውሰዋለሁ። የለቡው ወንድሜ፣ ጅራፉን ተቀብያለሁ፤ ሰማያዊውም ቀርቷል፣ ጓደኛዬ ግን አኩርፏል።

ኮቴውን በተመለከተ፣ የሱሉልታው ወንድሜ፣ ጽሑፉ ውስጥ ነበረ፤ ዛሬ ሰርዤዋለሁ። «ምን ያደርጋል?» ለሚለው መልስ ስላጣሁ ትናንት ማታ የግቢያችንን ዘበኛ ጠየቅኋቸው፤ እርሳቸውም ከዚሁ አካባቢ የገበሬ ልጅ ናቸው። ሌሊት መኪና ማቆሚያው ላይ ጥማድ በሬ ቢያገኙ ምን እንደሚያደርጉ ስጠይቃቸው ጥቂት አሰቡና፣ «የማን እንደ ሆኑ እጠይቃለሁ እንጂ! መኪና ይገጫቸዋል» አሉኝ። ከዚያም በሬዎቹን ፈትተው ከውኃ ታንከሩ አጠገብ ካለው ሣር ላይ እንደሚያስሯቸው፣ የጠዋቱ ዘበኛ ሲመጣም በመዝገቡ ላይ ጽፈው እንደሚያስረክቡ በዝርዝር ነገሩኝ። መዝገቡንም አሳዩኝ፤ የገባና የወጣ ዕቃ፣ ሰዓትና ፊርማ የሚሞላበት መስመር አለው። በሬዎቹ የሚመዘገቡት «የገባ» በሚለው ሥር ይሁን «የወጣ» በሚለው፣ እርሳቸውም እኔም እስካሁን አልወሰንንም።