አዲስ ጌሚንግ ማውስ ገዝቼ ከርሰሩ አልያዝ አለኝ፣ ማታ 2 ሰዓት ጨዋታ አለን! የምታውቁ ድረሱልኝ

የሜክሲኮው፦
ሰላም ሰላም። ቶሎ የሚመልስልኝ እፈልጋለሁ። ዛሬ ጠዋት ጌሚንግ ማውስ ገዛሁ፣ 12800 ዲፒአይ ነው የተባለው። ስሰካው ይሠራል፣ መብራቱም ቀስተ ደመና ነው፣ ከርሰሩ ግን አይያዝም። ትንሽ ገፋ ሳደርገው ስክሪኑ ጥግ ሄዶ ይለጠፋል። ጨዋታ ውስጥ ስገባ የማየው ወይ ጣሪያ ወይ እግሬን ነው። አንዳንዴ ደግሞ እጄን ሳነሳ ብቻውን ይንቀጠቀጣል። ማታ 2 ሰዓት ስታዲየም አካባቢ አንድ ጌም ቤት 5 ለ5 አለን፣ ብር ተይዞበታል። ሻጩ ጋ ስደውል "የተከፈተ ዕቃ አልመልስም" አለኝ። የተበላሸ ነው የሸጠልኝ? በናታችሁ እርዱኝ።

ሽሮ ፈሰስ፦
ብር ከተያዘበት እኔ በተጋጣሚዎቻችሁ በኩል ላስይዝ። ስንት ነው?

ድራይቨር አድስ፦
ድራይቨር አፕዴት አድርገህ ሪስታርት በለው።

ባለ ዶንግሉ፦
ዶንግሉን (የገመድ አልባ ማውሱን መቀበያ) ዩኤስቢ 3 አጠገብ ሰክተኸው ይሆናል። እሱ የማውሱን የ2.4 ጊጋሄርዝ ሲግናል ይረብሸዋል። ኤክስቴንሽን ገመድ ካለህ ዶንግሉን ወደ ማውሱ አቅርበው። የእኔም እንደዛ ሲያደርገኝ ነበር፣ አሁን ሰላም ነው።

የሜክሲኮው፦
ባለ ገመድ ነው እኮ!

ሽሮ ፈሰስ፦
ገመዱንም ቢሆን ወደ ማውሱ አቅርበው።

ጠጋኙ ከፒያሳ፦
ሐኪም ቤት ገብቶ "አመመኝ" ብሎ ዝም እንደሚል በሽተኛ ነው የጻፍከው። ጨዋታው ምንድን ነው? ዊንዶውስ ስንት? የድሮው ማውስህ ምን ዓይነት ነበር? ምን ላይ አድርገህ ነው የምታንቀሳቅሰው? ይሄን ሳትነግረን ተበላሽቷል፣ አልተበላሸም ማለት ግምት ነው።

የሜክሲኮው፦
ካውንተር ስትራይክ 1.6፣ ላፕቶፕ፣ ዊንዶውስ 10። የድሮው ያው ተራ የቢሮ ማውስ ነው። ሴንሲቲቪቲ (ጨዋታው ውስጥ ያለው የማውስ ፍጥነት) ሁሌም 3 ላይ ነው የምጫወተው። የማንቀሳቅሰው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ሌላ ምን ላይ ይሆናል? ሶፍትዌሩን አውርድ እንዳትሉኝ፣ ዳታ አልቆብኛል። ያለችኝ እናንተን ለማንበብ ናት።

ኢንጂነሩ ከለገሃር፦
ልጆች፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ዕቃውን እወቁ። ማውስን የፈለሰፈው ዳግላስ ኤንገልባርት ነው። የመጀመሪያው ሞዴል የእንጨት ሳጥን ነበር፣ ከሥሩ ሁለት ጎማ ያለው። እ.ኤ.አ. በ1968 ዲሴምበር ወር ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ለሕዝብ አሳየው። ቀጥሎ ባለ ኳሷ መጣች። እኛ ኳሷን አውጥተን ውስጧ የተጠቀለለውን እድፍ በጥፍር እየፋቅን ነው የሠራነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ማይክሮሶፍት ኳስ የሌለውን ኦፕቲካል ማውስ ገበያ ላይ አወጣ። ዛሬ እጃችሁ ላይ ያለው ማውስ ከሥሩ ትንሽ ካሜራ አለው፤ የጠረጴዛውን ገጽ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ፎቶ እያነሳ፣ አንዱን ከሌላው እያመሳከረ ነው ምን ያህል እንደሄደ የሚያውቀው። የሚያየው ነገር ከጠፋው ይቃዣል። ይህን ሳያውቁ ሻጭ ላይ ጣት መቀሰር የዘመኑ ልጆች ልማድ ነው።

የሜክሲኮው፦
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ግን ሰዓቱ እየሄደ ነው።

ሽሮ ፈሰስ፦
ታገሥ፣ ገና 1999 ላይ ነን።

ሊሊ 4 ኪሎ፦
ማውስህ ጤነኛ ይመስለኛል። 12800 ማለት መድረስ የሚችልበት ጫፍ ነው እንጂ የምትጫወትበት አይደለም። ሻጭ ቁጥሩን የሚጠራው ትልቅ ቁጥር ስለሚሸጥ ነው።

ዲፒአይ ማለት ማውሱን አንድ ኢንች፣ ማለትም 2.54 ሴንቲ ሜትር ስትገፋው ለኮምፒውተሩ ስንት ጊዜ ምልክት ይልካል ነው። የቢሮ ማውስ ብዙውን ጊዜ 800 ወይም 1000 ገደማ ነው። በ1.6 ውስጥ አንዷ ምልክት ሴንሲቲቪቲ 1 ሲሆን 0.022 ዲግሪ ታዞርሃለች፣ 3 ሲሆን የዚያ ሦስት እጥፍ። አሮጌው 800 ነበር እንበል፤ ሙሉ ዙር ለመዞር 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትገፋ ነበር፣ እጅህም ያንን ለምዷል። አዲሱ 3200 ላይ ቆሞ ከሆነ ከ4 ሴንቲ ሜትር ትንሽ አለፍ ስትል ዞረህ ጨርሰሃል። ጣሪያ የምታየው ለዚህ ነው።

ከስክሮሉ ኋላ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጫን፣ በተጫንክ ቁጥር ደረጃው ይቀየራል። 800 ላይ አቁመው። ለዛሬ ሴንሲቲቪቲህን 3 ላይ ተወው። ሌላ ጊዜ ረጋ ብለህ ወደ 1.5 አውርደው፣ ያኔ ሙሉ ዙሩ 35 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ለማነጣጠር እሱ በጣም ይሻላል።

ደግሞ ስታርት ላይ ማውስ ሴቲንግስ ብለህ ፈልግ፣ አዲሽናል ማውስ ኦፕሽንስ፣ ከዛ ፖይንተር ኦፕሽንስ። "ኢንሃንስ ፖይንተር ፕሪሲዥን" የሚለውን ምልክት አጥፋው። ስሙ ጥራት የሚጨምር ያስመስለዋል፣ ሥራው ግን ፍጥነት መጨመር ነው፤ እጅህ ፈጠን ሲል ከርሰሩን ከእጅህ በላይ ያስሮጠዋል። ተኩስ ውስጥ ደንግጠህ ስትዞር የምታልፈው በሱ ነው። ከላዩ ያለውን የፍጥነት መስመር መሀል ላይ፣ ከግራ ስድስተኛው ላይ አድርገው።

ድራይቨር አድስ፦
ይሄ ሁሉ ከሚሆን ድራይቨሩን አፕዴት ቢያደርግ።

ሊሊ 4 ኪሎ፦
የኔ ወንድም፣ ማውሱ ዊንዶውስ ራሱ ባለው ድራይቨር ነው የሚሠራው። ተሰክቶ ወዲያው የሠራው ለዚህ ነው። ዳታ የለኝም ያለ ልጅ ምኑን ያድሰው?

የሜክሲኮው፦
ሊሊ ተባረኪ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም፣ 800 ላይ የምጫወት ከሆነ 4 ሺህ ብር ለምን ከፈልኩ? አሮጌውም 800 ነው እያልሽኝ።

የአሮጌው ጠበቃ፦
ተባረክ፣ ትክክለኛው ጥያቄ ይሄ ነው። መልሱ፦ በከንቱ። እኔ በተራ ማውስ ስንቱን ጌም ቤት አስለቅሻለሁ። ብር በተያዘበት ቀን ደግሞ አዲስ ማውስ ይዞ የሚሄድ ሰው አላየሁም። ቅርጹ ሌላ፣ ክብደቱ ሌላ፣ ክሊኩ ሌላ፤ እጅህ እስኪለምደው ቀናት ይፈጃል፣ አንዳንዱ ሰው ሳምንታት። ዛሬ በአሮጌው ተጫወትና አዲሱን ከነገ ጀምሮ ልመደው።

ሊሊ 4 ኪሎ፦
ሁለተኛው ሐሳብህ ላይ እስማማለሁ፣ የመጀመሪያው ላይ አልስማማም። የቢሮ ማውስ በብዛት ለኮምፒውተሩ በሰከንድ 125 ጊዜ ነው ሪፖርት የሚያደርገው፣ በየ8 ሚሊ ሰከንዱ። ጌሚንግ የተባለው 1000 ጊዜ፣ በየ1 ሚሊ ሰከንዱ። በዛ ላይ እጅህን ወርወር ስታደርገው ደህና ሴንሰር (ከሥሩ ያለው ካሜራ) አይስትም፣ ተራው ግን መንገዱን ይጥላል። የተከፈለው ለዚህ ነው።

የአሮጌው ጠበቃ፦
7 ሚሊ ሰከንድ! እዚህ ሰፈር መብራት ሄዶ እስኪመጣ ስንት ሚሊ ሰከንድ ነው?

የሜክሲኮው፦
ቁልፏን አገኘኋት። ስጫናት መብራቱ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ይሆናል። 800 የቱ ነው? ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ቻይንኛ ነው።

ሽሮ ፈሰስ፦
ቢጫው ላይ አድርገው። ጊዮርጊስ ነኝ።

ባለ ዶንግሉ፦
አረንጓዴው ነው።

ኢንጂነሩ ከለገሃር፦
ቀይ ከፍተኛውን ያመለክታል፣ በሁሉም ዕቃ ላይ ቀይ አደጋ ነው።

ጠጋኙ ከፒያሳ፦
ሁላችሁም እየገመታችሁ ነው። ቀለሙ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ማስመሪያ አለህ? የታናሽህን ቦርሳ ፈትሽ። ሊሊ ያለችውን የዊንዶውስ ሴቲንግ አስተካክለህ ከጨረስክ፣ አንዷ የማውስ ምልክት ከርሰሩን አንዲት ፒክሰል ነው የምታስኬደው። የስክሪንህ ስፋት 1366 ፒክሰል ከሆነ፣ ከርሰሩን ግራ ጥግ አስጠጋና ማውሱን ማስመሪያ አጠገብ ቀጥ አድርገህ ቀስ ብለህ ግፋ። ቀኝ ጥግ ሲደርስ የሄድክበትን ለካ። 4.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ 800 ላይ ነህ። 2.2 ከሆነ 1600፣ 1.1 ከሆነ 3200፣ 8.7 ከሆነ 400። ስክሪኑ 1920 ከሆነ ለ800 የምትፈልገው 6.1 ነው። ሚሊ ሜትር ቢያዛንፍ ችግር የለም።

ሊሊ 4 ኪሎ፦
ጠጋኙ፣ ይሄን እኔም አላሰብኩትም። አሪፍ ነው።

የሜክሲኮው፦
ለካሁ። ሰማያዊው ላይ አንዴ 4፣ አንዴ 5፣ አንዴ ደግሞ መሀል ላይ ቆመ። መንቀጥቀጡም አልተወኝም። ስለዚህ ተበላሽቷል ማለት ነው አይደል? ሄጄ ከሻጩ ጋር ልጣላ?

ጠጋኙ ከፒያሳ፦
ቆይ። "ጠረጴዛ ላይ" ብለህ አለፍከው። ምን ዓይነት ጠረጴዛ?

የሜክሲኮው፦
የሳሎኑ ነው። መስታወት ነው፣ እናቴ ዳንቴል አድርጋበታለች፣ ከላይ ደግሞ ዳንቴሉ እንዳይቆሽሽ ነጭ ላስቲክ አለው፣ ያ ወዲያ ማዶ የሚያሳየው።

ሽሮ ፈሰስ፦
አባቴ!

ጠጋኙ ከፒያሳ፦
በቃ፣ አገኘነው። ኢንጂነሩ ሲናገሩ አላነበብክም እንጂ ነግረውህ ነበር፣ ካሜራ ነው። የሚያብለጨልጭና የሚያሳይ ነገር ላይ ገጹን ማንበብ አይችልም፣ ከሥር ያለው ዳንቴል ደግሞ እዚህ ክር፣ እዚያ ቀዳዳ ነው። አሮጌው እንዴት ሠራ እንዳትለኝ፤ ሴንሰሩ ሌላ ነው፣ አንዱ የሚታገሠውን ሌላው አይታገሥም። የመጣበትን ካርቶን ቅደደውና የማያብለጨልጨውን የውስጡን ፊት ወደ ላይ አድርገህ አንጥፈው። እሱ ላይ ድጋሚ ለካ። አንተ ጋ የተበላሸ ነገር ካለ ጠረጴዛው ነው።

ኢንጂነሩ ከለገሃር፦
ያልኩት እኮ እሱን ነው። አንብቡ።

የሜክሲኮው፦
ካርቶኑን ከቀደድኩት ሻጩ ጭራሽ አይመልስልኝም።

የአሮጌው ጠበቃ፦
ቀድሞስ መቼ መለሰልህ? ደብተር ላይ አድርገው ካዘንክለት።

የሜክሲኮው፦
ደብተር ላይ ሞከርኩት። ኧረ ቆመ! አይንቀጠቀጥም! ሰማያዊው 4.3 መጣ። አሁን ጨዋታ ልክፈት።

የሜክሲኮው፦
ዴስክቶፑ ላይ ሰላም ነው፣ 1.6 ስከፍት ግን አሁንም ፈጠን ፈጠን ይላል። ስወጣ ያጠፋሁት ኢንሃንስ ምናምን ተመልሶ በርቷል። እኔ አልነካሁትም።

ሌሊት ፈረቃ፦
እኔ ጌም ቤት ነው የምሠራው፣ የናንተው ላይ ግን አይደለም። አሮጌው 1.6 ሲነሳ የዊንዶውስን የማውስ ሴቲንግ በራሱ ይቀይራል፣ የታወቀ ጠባዩ ነው። ሾርትከቱ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ታርጌት የሚለው መጨረሻ ላይ ስፔስ አድርግና ሦስቱን ጨምር፦ ኖፎርስኤምፓርምስ፣ ኖፎርስኤምአክሰል፣ ኖፎርስኤምኤስፒዲ። የእያንዳንዳቸው ፊት ላይ ሰረዝ አለ፣ መሀላቸው ስፔስ። በስቲም ያለው አዲሱ ከሆነ ኦፕሽን ውስጥ ማውስ ላይ ሮው ኢንፑት (የማውሱን ምልክት በቀጥታ የሚወስድ) የሚል አለ፣ እሱን አብራውና ከዊንዶውስ ጋር አትነታረክም።

አሁን ደግሞ ማንም ያላነሳው ነገር። የምትጫወተው በራስህ ላፕቶፕ ነው ወይስ በቤቱ ማሽን? በቤቱ ከሆነ እቤት ያስተካከልከው የዊንዶውስ ሴቲንግ ከላፕቶፑ አይወጣም። ዲፒአዩ ማውሱ ውስጥ ከተቀመጠ ይከተልሃል፤ ነቅለህ መልሰህ ሰካና ሰማያዊው ላይ መቆየቱን እይ፣ ካልቆየ ስትደርስ ቁልፏን ተጫን። ኢንሃንሱንና ሴንሲቲቪቲውን እዛው እንደገና ታስተካክላለህ። እኛ ጋ ማሽኑ ሪስታርት ሲደረግ ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ ብዙ ቤት እንደዚያ ነው። ስለዚህ ቀደም ብለህ ግባ፤ 2 ሰዓት ላይ ደርሰህ ሴቲንግ ልክፈት ብትል የሚጠብቅህ የለም። የቤቱን ማውስ ፓድም አትመን፣ መሀሉ ተልጦ የለ።

የአሮጌው ጠበቃ፦
አሮጌውንም ኪስህ ክተት። ሁለተኛው ራውንድ ላይ ካልሆነልህ ቀይር።

የሜክሲኮው፦
በቤቱ ማሽን ነው። አሁን ልወጣ ነው፣ ታክሲ ሰልፉ እንዴት እንደሆነ እንጃ። ሁላችሁንም

ሽሮ ፈሰስ፦
ዳታው አለቀ።

ድራይቨር አድስ፦
ስትመለስ ድራይቨሩን አፕዴት አድርገው።

ሽሮ ፈሰስ፦
የሜክሲኮው፣ 4 ሰዓት ሆነ እኮ። ስንት ለስንት?

ሽሮ ፈሰስ፦
ዝም ካለ ተበልቷል።

ዲዛይነሯ፦
ይቅርታ በሰው ጥያቄ መሀል ገባሁ። የኔ ማውስ ደግሞ አንዴ ስጫነው ሁለቴ ይጫናል። ፎልደር ልመርጥ ስል ይከፍተዋል፣ ፎቶ ጎትቼ ሳስቀምጥ መሀል ላይ ይለቀዋል። ይሄም ጠረጴዛ ነው?

ጠጋኙ ከፒያሳ፦
አይደለም እህቴ፣ ያንቺ ስዊቹ ነው። ከግራ ክሊኩ ሥር ያለችው ቀጭን ብረት ስትደክም ወይ ስትዝግ አንዱን ጫን ሁለት አድርጋ ታስተላልፋለች። የማውስሽ ሶፍትዌር ዲባውንስ (ተከታትለው የሚመጡ ጫኖችን እንደ አንድ የሚቆጥር) የሚል ካለው ከፍ አድርጊው፣ ለጊዜው ያስታግሰዋል። ዋናው መፍትሔ ስዊቹን መቀየር ነው። አዲስ ስዊች ካልተገኘ እኔ የማደርገው የቀኙን ነቅዬ ከግራው ጋር ማለዋወጥ ነው፣ ብዙዎቹ ላይ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ቀኙ ደግሞ ብዙም አይነካም። ብየዳ ግን የለመደ ሰው ይፈልጋል፣ ራስሽ እንዳትሞክሪው።

ዲዛይነሯ፦
ሱቅህ ፒያሳ የት ጋ ነው? ነገ ላምጣው።

ጠጋኙ ከፒያሳ፦
ፒያሳማ ስሟ ናት የቀረችልኝ፣ ሱቁ ከተነሳ ቆየ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ያለሁበትን እልክልሻለሁ።