ሲኦፒዲ (ትንፋሽ የሚያሳጥር ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ) ላለበት ሰው ቀላል እንቅስቃሴ ለደም ቧንቧ ይጠቅማል?

ፊዚዮ ከጤና ጣቢያ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሲኦፒዲ ታካሚዎቼ ብዙዎቹ በእንጨት ጭስ እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ እናቶች ናቸው፤ ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። «በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ» ብላቸው አንዱን ዳገት ሳያጋምሱ ትንፋሻቸው ያልቃል። ደም ግፊት ያለባቸውም ስላሉ ልባቸውና ደም ቧንቧቸው ያሳስበኛል። ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ብቻውን የሚፈይደው ነገር አለ? ካለ በምን መጠን ልዘዝላቸው?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
አለ። በዚህ በሽታ ደም ቧንቧ ከዕድሜው ቀድሞ ይደድራል። ጭሱ፣ ከሳንባ የሚነሳው የሰውነት መቆጣት፣ የኦክስጅን ማነስ፣ በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ተደማምረው የቧንቧውን ውስጠኛ ሽፋን ይጎዱታል። በሽታው ገና ቀላል ወይም መካከለኛ ደረጃ ላይ እያለ ብዙ ሰው በልብ ሕመም የሚሞትበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ጡንቻ ሲሠራ ደም ሽፋኑን እየታከከ በፍጥነት ያልፋል፤ ሽፋኑም ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመነጭና ቧንቧው ይላላል። ለረጅም ሰዓት ሲቀመጡ ግን የእግር ደም ፍሰት ይቀዘቅዛል፣ ይህ ሥራም አብሮ ይዳከማል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታዘዘው መቀመጡን መቆራረጥ ነው፦ በየ30 ደቂቃው ተነሥቶ በሜዳማ ቦታ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ መራመድ። ትንፋሽ ማጠሩን ከ0 እስከ 10 ባለው የቦርግ መለኪያ ጠይቂያቸው፤ 2 ወይም 3 ላይ ይቆዩ። 5 ካሉ ቀላል መሆኑ ቀርቷል።

ከዚህ በላይ ተስፋ አትስጪ። በዚህ በሽታ ላይ የተሠሩት ጥናቶች ብዙ የሚንቀሳቀሱት ሰዎች ደም ቧንቧ የተሻለ መሆኑን ቢያሳዩም፣ ሥልጠና ድድርናውን ምን ያህል እንደሚቀንስ ውጤታቸው አንድ ዓይነት አይደለም። የግፊት መድኃኒቱን የሚተካ እንቅስቃሴ የለም።

የመተንፈሻ አካላት ነርስ፦
የዶክተሩን መጠን ሥራ ላይ ለማዋል ፓፉ (በአፍ የሚሳበው መድኃኒት) ነው ወሳኙ። ሐኪም ያዘዘላቸው ሳልቡታሞል (የአየር ቧንቧ የሚከፍት ፓፍ) ካለ፣ ከመነሣታቸው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀደም ብለው ይውሰዱት። ስፔሰር (በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባው መያዣ) ከሌለ ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ይሆናል፦ ቂጡ ላይ በፓፉ አፍ ልክ ይበሳና ዙሪያው በፕላስተር ይታሸጋል፣ በጠርሙሱ አፍ በኩል ይሳባል። ከመጠቀማቸው በፊት በፈሳሽ ሳሙና ውኃ ይነከርና ሳይወለወል በራሱ ይድረቅ። በጨርቅ ከታሸ ፕላስቲኩ ኤሌክትሪክ ይይዝና መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

ሲራመዱ በሁለት እርምጃ በአፍንጫ አስገብተው፣ በአራት እርምጃ ከንፈራቸውን እንደ ፉጨት አሹለው ያውጡ። ዳገት ላይ ትንፋሽ የሚይዙ ብዙ ናቸው፤ ያኔ ግፊታቸው ይወጣል፣ ያዞራቸዋል።

የቤት ሥራም ይቆጠራል፤ ግን እጅ ከትከሻ በላይ ሲነሣ ለመተንፈስ የሚያግዙት ጡንቻዎች በሌላ ሥራ ይያዛሉ። ልብስ ማስጣት ከመራመድ በላይ የሚያደክማቸው ለዚህ ነው። ገመዱን በደረታቸው ልክ ዝቅ አድርጉላቸው። መጥረጉን ለሌላ ሰው ይተዉት፤ አቧራው ይቀሰቅስባቸዋል።

ፊዚዮ ከጤና ጣቢያ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች የደማቸው ኦክስጅን ሲቀመጡም 90 ወይም 91 በመቶ የሚሆን አሉ። የት ላይ ላስቁማቸው? መራመድ ጭራሽ ለማይችሉትስ?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
ከ88 በታች ከወረደ ይቀመጡ፤ እየደጋገመ የሚወርድ ከሆነ ወደ ሐኪም ላኪያቸው። ግን ቁጥሩን ከማመንሽ በፊት ጣታቸውን እዪ። የቀዘቀዘ ጣትና ኩቴክስ ኦክሲሜትሩን (ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ) ያሳስቱታል፤ እጃቸውን አሙቀሽ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቂ።

መራመድ ለማይችሉት ወንበር ይበቃል። ተረከዝን ከ10 እስከ 15 ጊዜ ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ ከዚያ ወንበሩን ግድግዳ አስደግፈሽ 5 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፤ ሲነሡ ትንፋሽ ያውጡ። የባቱ ጡንቻ ደሙን ወደ ልብ ይገፋል። ያለ ችግር ከቻሉት በየሳምንቱ ጥቂት ትጨምሪያለሽ።

የደረት ሕመም፣ ራስ መሳት ወይም የአንድ እግር ብቻ እብጠት ካለ እንቅስቃሴው ይቅርና የዚያኑ ዕለት ይታዩ። አክታ ቀለሙ ተለውጦ ትንፋሹ ከባሰም እንደዚሁ፤ በሽታው ካገረሸ በኋላ ባሉት ሳምንታት የልብ ድካምና የልብ ምት መዛባት አደጋ ከወትሮው ይጨምራል።

የመተንፈሻ አካላት ነርስ፦
አንድ ልጨምር፦ ጠዋት በእግር ተራምዳ ከሰዓት ጭስ ቤት የምትጋግር እናት ያገኘችውን መልሳ ታጣዋለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ ካለ እሱ፤ ከሌለ መጋገሩን ሌላ ሰው ይያዝ። ቡና ሲቆላም ከጭሱ ራቅ ይበሉ።